ድፍኑ ማዳመጫና የጋሼ አብዱረዛቅ ጥምጥም

በ፲፱፻፸፱ ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ከደብረ ታቦር ወደ ወገዳ ትምህርት ቤቴ ስመለስ የተሳፈርሁበት የጭነት መኪና ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ባሌስትራው፣ ጭነት የሚሸከምበት ብረት፣ ተሰበረ። ሾፌሩ ዛሬ እንደማንነሳ ነግሮን ምሳውን ፍለጋ ሄደ። እኔ ደግሞ ከጭነቱ ላይ ስወርድ የኮቴን እጅጌ ምስማር ያዘውና እስከ ክርኔ ተተረተረ። መምህር ነኝ፤ በተቀደደ ኮት ከተማ ለከተማ መዞር አልወድም። ስለዚህ ልብስ ሰፊ መፈለግ ጀመርሁ።

«ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ወዳሉት ወደ ጋሼ አብዱረዛቅ ይሂዱ» አሉኝ። ወፍጮ ቤቱን ለማግኘት ሰው መጠየቅ አያስፈልግም፤ የሞተሩ ጩኸት ከገበያው ዳር ጀምሮ እየመራ ይወስዳል። ስፌት ቤቱና ወፍጮ ቤቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። በሩ ላይ ሃያ ዓመት የሚሆናት ልጅ ሻሿን አስራ፣ ከላይ ነጠላ ደርባ፣ አንገቷን ደፍታ ቁልፍ ትተክላለች።

«እንደምን ዋልሽ እህቴ» አልኋት።

ዝም አለች። ሞተሩ ይሆናል ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምሁት። አሁንም ቀና አላለችም። በዚህ አገር ሰላምታ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ሁለት ሰዎች መቀያየማቸው የሚታወቀው አንዱ የሌላውን ሰላምታ ሲነፍግ ነው። እኔ ደግሞ ለራሴ ክብር እንደ አብዛኛው መምህር ስስ ነኝ። ቱግ ብዬ ልመለስ ስል ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ሜትር በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ከውስጥ ብቅ አሉ።

«ይቅር ይበሉን ጌታው» አሉኝ። «ልጄ ንቃዎት አይደለም። ጆሮዋን ደፍና ነው።»

ይህን ብለው የልጅቱን ነጠላ ወደ ኋላ ገለጥ አደረጉት። በሻሿ ላይ በስስ ብረት የተያያዘ፣ በሁለቱም ጫፍ ጥቁር ስፖንጅ ያለው ማዳመጫ ደፍታለች። ሽቦው ጭኗ ላይ ወዳለው ትንሽ ሬዲዮ ይወርዳል። ልጅቱ ደንግጣ ብድግ አለች፤ ሬዲዮውን ዘጋችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ስሟ ራቢያ ነው፤ የጋሼ አብዱረዛቅ ልጅ ናት።

ንዴቴ በረደ። ኮቴን አውልቄ ሰጠሁ፤ መምህር መሆኔንም ነግሬ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። ጋሼ አብዱረዛቅ እጅጌውን እየገለበጡ የልባቸውን አወጡት።

«መምህር ነኝ ካሉኝ ይፍረዱኝ። እኔ ይህን በር ከከፈትሁ ጀምሮ አላፊ አግዳሚው ሰላም ሳይለኝ፣ እኔም ሳልመልስ ያለፈ ሰው የለም። የክርስቲያኑም የእስላሙም በር ነው። ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ ዓለምጸሐይ መጡ፤ የባላቸውንም የልጆቻቸውንም ልብስ የሰፋሁ እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ሰላም ብለዋት ዝም ብትላቸው ጨርቃቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ። ይህ ጆሮ መድፈኛ ከቤቴ ይውጣ ብል አጠፋሁ?»

«አባባ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ይንገሯቸው እንጂ» አለች ራቢያ።

«አንቺው ንገሪያቸው።»

«እኔ የማታ ተማሪ ነኝ» አለችኝ። «ስምንተኛ ክፍል ነኝ። አምና ሚኒስትሪ ተፈትኜ በእንግሊዝኛ ወደቅሁ። በሬዲዮ ከቀትር ጀምሮ የሌላውን ክፍል ትምህርት እሰማለሁ፤ የእኔ የእንግሊዝኛ ትምህርት ግን የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ወፍጮው አይቆምም። ሬዲዮውን ስለቀው ደንበኛ ይታወካል፣ ዝቅ ሳደርገው አይሰማኝም። ቀበሌ አዳራሽ ሄጄ እንዳልሰማ አዳራሹን ስብሰባ አያጣውም፤ ስፌቱንም ትቼ አልሄድም። ስለዚህ ይህን ማዳመጫ ገዛሁ።»

«ገዝታስ?» አሉ ጋሼ አብዱረዛቅ። «ገዝታም ወደቀች። ወፍጮው እንደሆነ ዛሬም ይሰማታል። ድምፁን ጥግ ድረስ ትከፍተዋለች፤ እኔ እዚያ ማዶ ሆኜ የሬዲዮውን ሰውዬ ወሬ እሰማለሁ። ማታ ደግሞ ጆሮዬ ጮኸብኝ ትላለች። እኔ ሴት ልጅ አትማር የምል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ትምህርት የሚገባውም የማይገባውም አለ። አእምሮሽ አልቀበል ብሏል፣ አትልፊ ብያታለሁ። እንዲያውም አሁን በእርስዎ ፊት ልቁረጠው፤ ይህ ነገር ዛሬ ይወጣል፣ ሬዲዮውም ይሸጣል፣ እሷም መርፌዋን ትይዛለች።»

የራቢያ ዓይን በእንባ ሞላ፤ ፊቷን ወደ ስፌት መኪናዋ አዙራ ክር የምታስገባ መሰለች። እኔም አዘንሁላት። በወገዳ ትምህርት ቤት የሬዲዮ ትምህርቱ ኃላፊ እኔ ስለሆንሁ ደግሞ፣ ጥፋቱ የስፖንጁ እንጂ የልጅቱ አእምሮ እንዳልሆነ ጠረጠርሁ።

«ጋሼ አብዱረዛቅ» አልሁ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለብርድ የሚሆን ካፖርት ይስፉልኝ ብልዎት በወንፊት ጨርቅ ይሰፉልኛል?»

«ምን በወጣኝ።»

«ይህ ስፖንጅ ወንፊት ነው። ጸጥ ባለ ቤት ለሚቀመጥ ሰው አይከፋም፤ ጆሮ አያሞቅም፣ ቀላል ነው። ነገር ግን የውጭው ጩኸት እንዳለ ይገባል፤ የውስጡም ድምፅ እርስዎ እንዳሉት ማዶ ድረስ ይወጣል። ልጅዎ ወፍጮውን ለመብለጥ ስትል ድምፁን ትከፍታለች፤ ጆሮዋ ይጎዳል እንጂ ትምህርቱ አይሰማትም። ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚሆነው ሌላ ዓይነት ነው። ጀርባው ድፍን፣ ዙሪያው ትራስ ያለው፣ ጆሮን እንዳለ የሚከድን።»

«ይባስ ብሎ የሚደፍን ሊያመጡብኝ ነው?» አሉና ሳቁ። «በወንፊቱ ሰላምታ ያልሰማች በድፍኑ ልትሰማ ነው እንዴ?»

ነገሩስ እውነት ነው። «የሰላምታውን ነገር እንመጣበታለን፤ በመጀመሪያ ትምህርቱ ይሰማ እንደሆነ እንሞክር» ብዬ ራቢያን ይዣት ወደ ራሺድ ሱቅ እንድሄድ አስፈቀድሁ። ራሺድ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ሬዲዮና ባትሪ ይሸጣል። ጋሼ አብዱረዛቅም «ሂዱ፤ ብልጭልጭ ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ» አሉን።

ራሺድ ያወጣልን ግን በመጀመሪያ ብልጭልጩን ነው። ካርቶኑ ላይ የፈረንጅ ልጅ ሥዕል አለበት።

«ከዚህ የሚበልጥ ጎንደርም የለ» አለን።

አገላብጬ ጀርባውን አየሁት። እንደ ማጥለያ ብዙ ቀዳዳ አለው። «ይህ ያው ስፖንጁ ነው፤ ልብሱን ቀይሮ ነው እንጂ» አልሁ። ራቢያ አድርጋው እኔ ጆሮዋ አጠገብ ጣቴን አጮህሁ። «ምንም እንዳላደረግሁ ነው የሚሰማኝ» አለች። መለሰችው። ሁለተኛው ድፍን ነው፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ ዋጋውም የማይቀመስ ነው፤ ትምህርቱ ሳያልቅ አንገት ያደክማል። ከመደርደሪያው ሥር ግን አንድ አቧራ የጠጣ ጥቁር ማዳመጫ አየሁ። ሰው የተገለገለበት ነው። ጀርባው ቀዳዳ የለውም፣ ጆሮ የሚገባበት ጽዋው ሰፊ ነው፣ በራስ ላይ የሚያልፈው ቅስቱም አልላላም። የትራሱ ቆዳ ግን ተልጦ አልቋል።

«እሱ ያረጀ ነው፣ ያፍራሉ» አለ ራሺድ።

«ትራሱን እኔ እሰፋዋለሁ» አለች ራቢያ ቶሎ ብላ። «ከቦርሳ የተረፈ ለስላሳ ቆዳ አለን።»

ዋጋውም በማርጀቱ ከአዲሱ ስፖንጅ ብዙም አይበልጥም። የሽቦው ጫፍ ለየጆሮው የተለየ ድምፅ ለሚሰጥ ሬዲዮ የተሠራ ስለሆነ በእሷ ሬዲዮ ላይ በአንድ ጆሮ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ራሺድ ገመዶቹን አገናኝቶ በሁለቱም እንዲሰማ አደረገላት። «ጸጥ ባለ ሱቅ ውስጥ የሚሞከር ማዳመጫ ሁሉ ደግ ነው፤ ወፍጮው ሥር ሞክረነው ካልሆነ እንመልሳለን» አልሁት። ዘመዳሞች ናቸውና እሺ አለ። ራቢያም ቤት እንደደረሰች የተላጠውን አስወግዳ፣ ጥጥ ሞልታ፣ ለስላሳውን ቆዳ በጥሩ ስፌት ዙሪያውን ሰፋችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ወፍጮ ቤቱ ባለ እህል ሞልቶበት ሞተሩ ይጮሃል።

«በመጀመሪያ እኔ ልስማው» አሉ ጋሼ አብዱረዛቅ፤ ማዳመጫውንም ተቀብለው በጥምጥማቸው ላይ ደፉት። ጥቂት አዳመጡና አወለቁት። «ወፍጮ ነው። ከወፍጮው ኋላ አንድ ሰው ይንሾካሾካል። ይኸው ነው ድፍን ያላችሁኝ?»

እኔ አፈርሁ። ጽዋዎቹን በእጆቼ ግራና ቀኝ ያዝሁላቸውና እንደገና ሞከሩ። ያው ነው። ራቢያ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። በኋላ ግን የጥምጥሙ እጥፋት ከትራሱ ሥር ገብቶ ጣት የሚያሾልክ ክፍተት መፍጠሩን አየሁ። ራቢያም ስፖንጁን የምታደርገው በሻሿ ላይ እንደነበር ትዝ አለኝ። በዚህ ከተማ ራሱን የማይሸፍን ሰው የለም፤ ማዳመጫውን ግን የሠሩት ሰዎች ይህን አላሰቡም።

«ጥምጥሙን ከጆሮዎ በላይ ከፍ ማድረግ አለብዎት» አልሁ። «ትራሱ ገላ ካልነካ ድፍንነቱ ዋጋ የለውም።»

ፊታቸው ተለወጠ። «በሬ ላይ? ሰው እያየኝ ጥምጥሜን ልፈታ?»

«መጋረጃው አለ እኮ አባባ» አለች ራቢያ። ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት ጥግ በመጋረጃ የተከለለ ነው። ሽማግሌው ሁለታችንንም በተራ አዩን፤ ቅር እያላቸውም ሬዲዮውንና ማዳመጫውን ይዘው ገቡ።

እኛ ውጭ ቆምን። ቶሎ ይወጣሉ ስንል ቆዩ። ራቢያ ክር ትፈትላለች፣ ትፈታዋለች። ወፍጮው አልቆመም። በመጨረሻ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ሲወጡ ፊታቸው ሌላ ሆኗል። ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ሰውየው ይናገራል» አሉ። «በእንግሊዝኛ ነው፤ አልገባኝም። ግን እያንዳንዱ ቃል እዚህ ጆሮዬ ሥር ነው። ወፍጮው ወዲያ ማዶ ሄደ። ራቢያ፣ ሰውየው ይጠይቅና ዝም ይላል። ለምንድን ነው ዝም የሚለው?»

«ተማሪው እንዲመልስ ነው አባባ።»

«አንቺ ትመልሽ ነበር?»

«ጥያቄው ሲሰማኝ እመልሳለሁ። ወፍጮው ሲውጠው ግን መልሱን ብቻ ነው የምሰማ፤ የምን መልስ እንደሆነ አላውቅም።»

ጋሼ አብዱረዛቅ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «እኔ እኮ አእምሮሽ አልቀበል ብሏል ብዬሻለሁ» አሉ። «ዓመቱን ሙሉ ብዬሻለሁ። በድዬሻለሁ ልጄ፤ አሁን አዝናለሁ።»

ራቢያ ቀርባ ትከሻቸውን ሳመች። እኔም ዓይኔን ወደ ተሰፋው ኮቴ መለስሁ።

«ሰላምታውስ?» አሉኝ ሽማግሌው ቆይተው። ነገር የማይረሱ ሰው ናቸው።

«ሰላምታው በዓይንም ይሰጣል» አልሁ። «መኪናዋን ፊቷ ወደ መንገዱ እንዲሆን አዙሩት። ሰው ሲመጣ ታየዋለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ትላለች። አጠገቧ ደርሶ የሚያናግራት ሰው ጠረጴዛውን መታ ያድርግ። ትምህርቱ እስኪያልቅ ደግሞ በሩ ላይ እርስዎ ይቀመጡና ሰላምታውን ይቀበሉላት። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ዘንድም ራስዎ ሄደው ነገሩን ያስረዱ።»

«እሄዳለሁ» አሉ። ሬዲዮውን የመሸጡ ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የምናገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። ጩኸት ባለበት የሚሰማ ሰው ካርቶኑን ሳይሆን የማዳመጫውን ጀርባ ይይ፤ ድፍን ይሁን። ትራሱ ጆሮውን ሙሉ በሙሉ ይክደንለት፣ ሻሽም ሆነ ጥምጥም ሥሩ አይግባ። እቤት የሚጠገን አሮጌ ድፍን ከአዲስ ወንፊት ይሻላል። ድምፁንም ዝቅ ያድርግ፤ አጠገቡ ያለ ሰው ከሰማው በዝቷል። መንገድ ሲሄድና ሞተር ሲነካ ግን ያውልቀው፣ አደጋ አለውና። እንዲህ ያደረገ ጆሮው ይድናል፣ ትምህርቱ ይገባዋል፣ ጎረቤቱም አይታወክም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጄ አልገባትም ከማለታችን በፊት ተሰምቷት እንደሆነ እንጠይቅ።

በዓመቱ፣ ደግሞ በመስከረም፣ በዚያው መንገድ ተመለስሁ። መኪናው አልተሰበረም፤ እኔ ነኝ ሾፌሩን ለምኜ ያስቆምሁት። ወፍጮው እንደ ልማዱ ይጮሃል። በሩ ላይ ጋሼ አብዱረዛቅ አንገታቸውን ደፍተው ቁልፍ ይተክላሉ።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ አብዱረዛቅ» አልሁ።

ዝም አሉኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምሁት። ቀና አላሉም። ያን ጊዜ ራቢያ የዘጠነኛ ክፍል መጻሕፍቷን በክንዷ እንደያዘች ከውስጥ ወጣች።

«ይቅር ይበሉን መምህር» አለችኝ። «አባባ ንቀውዎት አይደለም።»

ቀረብ ብዬ አየሁ። አገር በሚያልፍበት በር ላይ፣ ጥምጥማቸውን ከጆሯቸው በላይ ከፍ አድርገው፣ ድፍኑን ማዳመጫ ደፍተዋል። ዘጠኝ ሰዓት ነበር። መርፌያቸውን አቁመው ጥቂት ጠበቁ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰና አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ቀስ ብለው መለሱ። እኔም ሰላምታዬን ለራቢያ ሰጥቼ ትምህርታቸው እስኪያልቅ በርጩማው ላይ ተቀመጥሁ።