የእትዬ ፒንሳ ሚስማሮች

ዳቦ ልገዛ ስወጣ አጎቴን አስፋልት ዳር ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። አጎቴ ታፔላ ጻፊ ናቸው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝም እሳቸው። መዶሻ በእጃቸው፣ ሚስማር በከንፈራቸው ይዘው የሞት ማስታወቂያ ሊመቱ ነው። ባነበው የእትዬ ፒንሳ! ክው አልኩ።

በከተማችን ስለ ዛፍና ስለ ወንዝ መጽሐፍ የጻፈ ከእትዬ ፒንሳ በፊት አልነበረም። እኛ ልጆች ቅጠል መሸምጠጥ የተውነው በሳቸው ነው። ሲጽፉ ውለው ፒንሳ ይዘው ይወጡና ከየዛፉ ሚስማር ይነቅላሉ፤ ስማቸውም ከዚያ ወጣ። አጎቴ ይመታሉ፣ እሳቸው ይነቅላሉ፤ ሃያ ዓመት እንዲህ ተናቆሩ። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ባቋርጥም መጽሐፋቸውን ሦስቴ ጨርሻለሁ።

«አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሳቸውን ሞት በሚስማር?»

«ታዲያ በምራቅ ልለጥፈው? ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሰው ይወቅ እንጂ!»

«በቁማቸው ማቃጠልዎ አልበቃ ብሎ ሬሳቸውም ሳይወጣ?»

«አንቺ ምላሰኛ! እንጨት ደግሞ ምን ያመዋል?»

«ልጣጩ ቆዳው ነው ብለው ጽፈዋል። በተበሳው በኩል ነቀዝና ብስባሽ ይገባል። እስቲ ቀና ይበሉ፤ እርስዎ በሚመቱበት በኩል ቅጠል አለ?»

ቀና አሉ። የመንገዱ ወገን ደርቋል፤ ታክሲ ጠባቂዎቹ እንኳ በወዲያኛው ጥላ ተፋፍገው ቆመዋል። አጎቴ ሚስማሩን ከከንፈራቸው አወጡ።

«ባለፈው ሳምንት ‹እኔ ስሞት ፒንሳው ላንተ ነው› ቢሉኝ፣ ‹አይሙቱብኝ፣ ሥራ እፈታለሁ› ብዬ ቀለድኩ» አሉ። «ዛሬ ልጃቸው ማስታወቂያውን ሲሰጠኝ ይቺንም ጨመረልኝ።» ከኪሳቸው ፒንሳዋን አወጡ።

ማስታወቂያውን ከዳቦ ቤቱ አጥር ጋር በሲባጎ አሰርነው፤ ሰውም እንደ ልቡ አነበበው። ከዚያ እስከ ቀብሩ ሰዓት ሚስማር ስንነቅል ዋልን። በራሴ ቁመት ልክ ያለ አንድ የዛገ ሚስማር ጋ ስንደርስ የአጎቴ እጅ ቆመ። ልጣጩ ውጦት ጫፉ ብቻ ይታያል።

«ይሄ የእናትሽ ነው» አሉ። «የሷን ሞት የመታሁበት።»

ዝገቱን በጣቴ ዳሰስኩት። «ይተዉት» አልኩ። «ዛፍ የዋጠውን ሚስማር አትንኩ፣ ቁስሉን ታድሳላችሁ ይላል መጽሐፉ።»

ዛሬ የአጎቴ ታፔላ በራሱ ብረት ላይ ይቆማል፤ ዝናብ አይጥለውም፣ ከሩቅ ይነበባል፣ ሌሎቹ ጻፊዎችም ቀድተውታል። ዛፉ ከዳነ ጥላው ለነቃዩም ለመቺውም ነው። የደረቀው ወገን ግን ገና አላቆጠቆጠም። እሑድ እሑድ መጽሐፉን ሳነብላቸው አጎቴ አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ፤ ሲያልቅ «እስቲ ድገሚው» ይሉኛል።

እትዬ ፒንሳ በቁማቸው ይህቺን አንዲት ቃል ሰምተው ቢሆን ኖሮ!