የሐጂ ዑዘይርና የአርክቴክቷ ክርክር በወንዙ ዳር

ባለፈው ዓመት ሰኔ፣ ፈተና አርሜ ስመለስ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ጎረቤቴን ሐጂ ዑዘይርን ከአንዲት ወጣት ጋር ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ሐጂ ከወሎ መጥተው አርባ ዓመት በሰፈራችን የኖሩ አናጢ ናቸው። ወጣቷ ተስኒም ትባላለች፤ አርክቴክት ናት። በወንዙ ዳር፣ የእንጨት በረንዳ ባለው አሮጌ ቤትና በግቢው ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንድትነድፍ ተመርጣለች። የሐጂ የእንጨት ሥራ ቤትም በዚያው ግቢ ነው። ሰኞ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ሐሳብ ይሰጣል፤ ሐጂ እምቢ ካሉ ደግሞ ብዙው ሰው እምቢ ይላል።

«መምህር፣ በደህና ጊዜ መጣህ፤ ፍረደን» አሉኝ። «ይህች ልጅ ሥዕል ማስተማሪያ ልትሠራ ነው። ሥዕል ጠግቦ ላደረ ሰው ነው። የእኛ ልጆች የሚያስፈልጋቸው እንጀራ የሚበሉበት ሙያ ነው።»

«ሐጂ፣ ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎት» አለች ተስኒም። «በር ሲሠሩ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ለክቼ ጣውላው ላይ በእርሳስ አሰምራለሁ።»

«ያ ሥዕል ነው። በሩን አስቀድመው በዓይንዎ አይተው ነው በእጅዎ የሚያወጡት። ወርቅ ሠሪውም፣ ልብስ ሰፊውም ከዚያ ይጀምራሉ። እኛም የምናስተምረው ይህንኑ ነው።»

ሐጂ ወደ ወንዙ ጠቆሙ። «እሱስ ይሁን። ሰው አፍንጫውን ይዞ ከሚያልፍበት ወንዝ ዳር ልጅ ይቀመጣል?»

«ወንዙ የቆሸሸው ሁላችንም ጀርባችንን ስለሰጠነው ነው። መስኮቶቹ ወደ ወንዙ ከተከፈቱ ግን ቆሻሻ የሚጥል ሰው የሚያየው ስላለ ያፍራል።»

የተማረ ሰው በክርክር ሲያሸንፍ መማሩን ያቆማል። እኔም ተስኒም እዚያ ላይ ታበቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ንድፏን ዘርግታ አሳየቻቸው። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ሲከተሉ ቆዩና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የሸክላ ሥራ ክፍል ነው፤ ወንዙ አጠገብ፣ ምድር ቤት።»

«የውሃውን ከፍታ መቼ ለካሽ?»

«መጋቢት ላይ።»

«ወንድሜ የሲን እዚያ ቦታ ላይ ነበር የሚሠራው» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። «አንድ ነሐሴ ውሃው ገባ። መሣሪያዬን ላውጣ ብሎ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ሬሳውን ከወንዙ ታች አገኘነው።»

በአሥራ ሁለት ዓመት ጉርብትና ይህን ነግረውኝ አያውቁም። ተስኒም እርሳሷን አውጥታ ክፍሉን ሰረዘችው። «ውሃው የደረሰበትን ያሳዩኝ» አለቻቸው። ወደ ግቢው ወረድን። ሐጂ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ፣ ደረታቸው ትክክል አሳረፉ። እሷም ለካች።

«ክፍሎቹ በሙሉ ከዚህ በላይ ይሆናሉ፤ ከዚህ በታች ዛፍ ብቻ። ሐጂ፣ ስድስት ዓመት ተምሬ ይህን አላወቅሁም ነበር። እርስዎ ደግሞ የሚያውቁትን ለማንም አላስተማሩም። ይህን በረንዳ የሚያድስ ሌላ ሰው በሰፈሩ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው የእንጨት ሥራ ቤትዎ አይነሳም፤ የትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ይሁን፤ እርስዎም ያስተምሩ።»

 ሰኞ በስብሰባው ላይ ሐጂ ከሁሉ ቀድመው ተነሡ። «እኔ ልቃወም ነበር» አሉ። «ይህ ትምህርት ቤት ቢሠራ አሮጌው ቤት ሳይፈርስ ይቆያል። ወንዙ የሚጠብቀው ሰው ያገኛል። ልጆቻችንም ዕቃ ተሸክመው ከመዋል ዕቃ ሠርተው መሸጥ ይማራሉ። ልጅቷ ስህተቷ ሲነገራት ሰርዛለች፤ እኔም የእኔን ሰርዣለሁ።»

ሳሊሀ የምትባል ባለሱቅ ከኋላ ተነሥታ «አናጢነቱ ለሴት ልጅም ነው?» ብላ ጠየቀች። አንዳንዱ ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም።

«መጋዝ የያዘኝ እጅ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ልጅሽን ቅዳሜ ላኪያት» አሏት።

ትምህርት ቤቱ ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ነው። ሐጂ ግን እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ በየቅዳሜው ስድስት ልጆች ያስተምራሉ። ከስድስቱ በእርሳስ ማስመር የተሳካላት የሳሊሀ ልጅ ናት ይላሉ።