በሉስፔ ሰፈር ስለጠፉት አዛውንት፣ ስለ ፔር-አንታ ላንታ

የምስክር ስም፦ ኢንገር-ሱሳ ኦማ
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ የፊልም ዳይሬክተር
አድራሻ፦ ዮክሞክ ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ሜይ 16 ቀን 2018

እኔ ምስክሯ የዚህ የሰሜን አገር ነባር ሕዝብ የሆነው የሳሚ ተወላጅ ነኝ። ከጠፉት ከአቶ ፔር-አንታ ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም። የአገሩ ሰው ሁሉ አባባ ስለሚላቸው እኔም እንዲሁ እጠራቸዋለሁ።

ያገናኘን ፊልም ነው። ግድቡ ስለዋጠው ስለ ሉስፔ ሰፈር ፊልም ለመሥራት አስቤ፣ የነባር ሕዝቦችን ፊልም ሠሪዎች የሚደግፈው ፈንድ የመጀመሪያውን ድጋፍ ሰጠኝ። ገንዘቡ ለቀረጻ ሳይሆን ታሪኩን ለመጻፍ፣ ቦታውን ለማየትና ከሁሉ በፊት የአዛውንቶቹን ፈቃድ ለማግኘት የሚውል ነው። አባባ የተወለዱት እዚያው ሰፈር ነው። የበረዶውን ወራት ሙሉ እምቢ ሲሉኝ ከርመው፣ ባለፈው ሳምንት ራሳቸው ደወሉልኝና "ውሃው ወርዷል፤ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ። የግድቡ ውሃ በዓመት አንዴ፣ የተራራው በረዶ ሳይቀልጥ በፊት ሲጎድል የሰፈሩ መሬት ብቅ ይላል።

ሰኞ ጠዋት ከካሜራ ባለሙያው ከዮን-ኒላ ጋር በመኪና ሄደን ከልጃቸው ከብሪታ ቤት ወሰድናቸው። በመንገድ ላይ ሲቀልዱብን ነበር። "ፊልም ሳትሠሩ የፊልም የሚከፍላችሁ ማነው? እኔም ዓሣ ሳልይዝ የዓሣ ይክፈሉኛ!" አሉን። ጤንነታቸውም አእምሯቸውም ደህና ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ደረስን። ሰማዩ ደመና ነበር፤ ውሃ ያዘለ በረዶ ይጥል ነበር። አባባ ማንንም ሳይጠይቁ በጭቃው ላይ ቀጥ ብለው ሄደው፣ ክብ ሆነው የተደረደሩ የምድጃ ድንጋዮች ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። የእናታቸው ጎጆ እዚያ እንደነበረ ነገሩን። ከዚያም በር ያለ ይመስል ጎንበስ ብለው ገብተው ተቀመጡ።

"ንኪው" አሉኝ። ድንጋዩን ነካሁት። ይሞቃል። ዮን-ኒላ ሳቀብኝና እሱም ነካው፤ ሳቁን አቋረጠ። በዙሪያው ያለው ጭቃ በረዶ ለብሷል፣ በድንጋዮቹ ላይ ግን አንድም አላረፈም። የበርች እንጨት ጭስ ሸተተኝ። እሳት ግን አልነበረም።

አባባ በልጅነታቸው ቋንቋ መነጋገር ጀመሩ። ይናገራሉ፣ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፣ ይስቃሉ። ከማን ጋር እንደሚያወሩ ስጠይቃቸው "ከማን ይመስልሻል? አርፍደሃል እያለች ትቆጣኛለች እኮ!" አሉኝ። ለዮን-ኒላም "አንተ፣ ያንን ነገር አጥፋው። እናቴ ካሜራ አታውቅም" አሉት። አጠፋው።

ከንፈራቸው ሲጠቁር አይቼ "አባባ፣ እንሂድ፤ ይበርድዎታል" አልኳቸው። "የሚበርዳችሁስ እናንተ ናችሁ፤ ደጅ የቆማችሁት" አሉኝ። ብርድ ልብስ ላመጣላቸው ወደ መኪናው ዞርኩ፤ ዮን-ኒላም ብቻውን መቅረት ፈርቶ ተከተለኝ። መኪናው ከዳገቱ ጫፍ ላይ ነበር። ስንመለስ አልነበሩም። በጭቃው ላይ ወደ ምድጃው የሚገባ የእግራቸው ዱካ አለ፤ የሚወጣ የለም። እየተጣራን ፈለግናቸው፤ ከዚያም ለፖሊስ ደወልን።

ጭቃው ውጧቸው እንደሆነ ተጠይቄያለሁ። የነፍስ አድን ሠራተኞች ሲቆፍሩ አካፋው ወዲያው ጠጠር ነክቶ ሲንቋቋ ሰምቻለሁ። ሠራተኞቹ ለፍለጋ ያመጧት ውሻም ከምድጃው አጠገብ ተኝታ አልነሳም ብላ በገመድ ጎተቷት።

አስገድጃቸው እንደሆነም ተጠይቄያለሁ። አላስገደድኳቸውም። ብሪታ ትናንት ቦታው ድረስ መጥታ ነበር። ድንጋዮቹን ስትዳስሳቸው ቀዝቅዘዋል። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ "ሲስቅ ነበር አልሽኝ?" ብላ ጠየቀችኝ። "አዎ" አልኳት። "እኔ ቤት ስቆ አያውቅም" ብላ አለቀሰች።

ፈንዱ ሥራውን ላቆም እንደምችል አሳውቆኛል። እስካሁን መልስ አልሰጠሁም።

ለፖሊስ ማሳወቅ አለብኝ ያልኩት አንድ ነገር ይቀራል። ወሬው ከተሰማ ወዲህ በሉስፔ የተወለዱ ሦስት አዛውንቶች ደውለውልኛል። ስለ ፊልሙ የጠየቀኝ አንድም የለም። ሦስቱም የጠየቁኝ ግድቡ ተመልሶ እስኪሞላ ስንት ቀን እንደቀረ ነው።

ይህ ያየሁትና የሰማሁት ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልደበቅኩም። በቋንቋዬ ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ኢንገር-ሱሳ ኦማ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ም/ኢንስፔክተር ቶርቢየርን ሄድ