ባዶ የሚመስል ግድግዳ

ከካዛንቺስ ወደ ቄራ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መብራት ያበራሉ፣ ያጠፋሉ። አጠገባቸው ያለው ወጣት አላስቻለውም።

«ማዘር፣ ፎርጅድ ብር ማያ ናት እንዴ?»

«አይ፣ የሴት ልጄ እስክሪብቶ ክዳን ነው። ቀለሙ ሲጽፉበት አይታይም። በዚህች ሲያበሩበት ብቻ ነው ፍክት የሚለው።»

«አውቃታለሁ! እኛ ክፍል ውስጥ በሷ ነበር የምንኮራረጀው። ልጅዎ ምን ትጽፍባታለች?»

«ታማ የተኛች ጊዜ አልጋዋ አጠገብ ያለውን ግድግዳ በጽሑፍ ሞላችው። ‹ሲሻለኝ አብረን እናነበዋለን፣ እስከዚያ እንዳታበሪበት› ብላ አስምላኝ ነበር።»

«እና አላዩትም?»

«ምዬ? አላየሁም።»

«አሁን ተሻላት?»

«ቀበርናት።»

«ውይ! ነፍስ ይማር። በቃ ታዲያ... አሁን ያንብቡት እንጂ።»

«ከሰልስቱ በኋላ እህቴ ቤቷ ወሰደችኝ። የእድራችን ሰዎች፣ ቤቱን ሳየው እንዳይብስብኝ ብለው፣ አዋጥተው ቀለም ቀብተው ጠበቁኝ።»

«ያንንም ግድግዳ?»

«ለእነሱ እኮ ባዶ ነው።»

«ቢፋቅስ?»

«ፋቅሁት። ልስኑ አብሮ ተነሳ።»

«ለሰዎቹ አልነገሯቸውም?»

«ምን ብዬ ልጄ? እግዜር ይስጥልኝ ብዬ መረቅኋቸው። ወራጅ አለ!»

ሴትዮዋ ወረዱ፤ እኔ መውረጃዬን አልፌ፣ ቄራ እስክንደርስ የታክሲውን ባዶ ኮርኒስ እያየሁ ሄድኩ።