አባ ብራቅን ማን አለበሰው?

አዳማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ በሌለበት ጸጉር ቤት፤ ባለቤቱ ጋሽ ውብሸት «የአባ ብራቅ ወዳጆች» የተባለው የቴሌግራም ቻናል መሪ ናቸው፣ ወጣቷ ሠዓሊ ሰናይት ደግሞ ያንን በሥዕል የሚተረክ የድሮ ታሪክ ጀግና ለአዲስ መጽሐፍ እንደገና የሣለችው ናት።

ውብሸት፦ አላነሳውም ብያለሁ አላነሳውም! «አንገዛም» ብዬ ቻናሉ ላይ ጽፌያለሁ፣ አልገዛም።

ሰናይት፦ እርስዎ አይግዙ፣ ጋሽ ውብሸት። ሌላው እንዳይገዛ ግን አይከልክሉብኝ። እርስዎ ከጻፉ ወዲህ አዟሪዎቹ ያዘዙትን ሰርዘዋል። አሳታሚው ነገ ጠዋት ይወስናል። ጽሑፉ ካልተነሳ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት አይገባም። አባ ብራቅም ተመልሶ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ እኔም አብሬው።

ውብሸት፦ እንዲህ ለብሶ ከሚወጣ መሳቢያው ይሻለዋል።

ሰናይት፦ ቆይ፣ ምኑ ነው ያስጠላዎት?

ውብሸት፦ ምኑ ያላስጠላኝ ብለሽ ጠይቂ፣ ቶሎ እንጨርሳለን። ቢጫው ሹራብ የታለ? ቀዩ ቁምጣስ?

ሰናይት፦ ከሱሪ በላይ የሚለበሰው?

ውብሸት፦ አዎ፣ ከሱሪ በላይ የሚለበሰው! ምን ያስቅሻል?

ሰናይት፦ የእህቴ ልጅ ሲያየው «ይሄ ሰውዬ ቸኩሎ ነው የለበሰው?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

ውብሸት፦ እኔ በእሱ ዕድሜ ቀይ ቁምጣ ከሱሪዬ በላይ ለብሼ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ። መምህሩ አውልቅ ብሎ ገረፈኝ። አላወለቅኩም! ገባሽ? ቢጫው ብርሃን ነው፣ ቀዩ ደግሞ መሥዋዕትነት። ዝም ብሎ ቀለም አይደለም፣ ትርጉም አለው።

ሰናይት፦ ትርጉሙማ ማተሚያ ቤቱ ያኔ የነበረው ቀለም ሁለት ብቻ መሆኑ ነው። አባ ብራቅን የፈጠሩት ጋሽ ተካበ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ ሥራውን ሲያስረክቡኝ። «ሰማያዊ ቢኖር ኖሮ ሰማያዊ አለብሰው ነበር» አሉኝ፣ እየሳቁ።

ውብሸት፦ እሳቸው ይሳቁ። እሳቸው ፈጠሩት፣ ያሳደግነው ግን እኛ ነን።

ሰናይት፦ አሳዳጊዎቹስ ተስማምታችሁ ቢሆን ጥሩ! አንዱ «እንደ ውጭዎቹ ጥቁር ቆዳ ይልበስ» ይለኛል። ሌላው «የምን ቆዳ፣ በርኖስ ነው የሚያምርበት» ይላል። ሌላው ደግሞ ጭንብሉ ዓይኑን ሸፈነው ብሎ በድምፅ ይሰድበኛል፣ በድምፅ! ጭንብል እኮ ዓይን አካባቢ ካልሸፈነ ሌላ ምን ይሸፍናል? አንዷማ «ቀለሙ የከረመ ሽሮ መሰለ» ብላ ሰው ሁሉ ሳቀላት።

ውብሸት፦ እሷ እውነቷን ነው። ምን ዓይነት ቡኒ ነው ይሄ? ሰማይ ላይ ሲበር ማን ያየዋል? አቧራ የተነሳ ነው የሚመስለው።

ሰናይት፦ እሺ፣ ቡኒውን አልወደዱትም። ገባኝ።

ውብሸት፦ አልጨረስኩም። ቦት ጫማውን አውልቀሽ ሸራ ጫማ! ከእግሩ መብረቅ የሚወጣ ሰው ሸራ ጫማ ያደርጋል? አይቃጠልም?

ሰናይት፦ ይቃጠላል።

ውብሸት፦ ታዲያ!

ሰናይት፦ ታዲያማ ለምን እንደሚቃጠል ውስጡ አለ። እርስዎ ግን ያዩት ሽፋኑን ብቻ ነው። እሱንም በስልክ። በአንድ ሽፋን የሁለት ዓመት ሥራዬን ገደል ሰደዱት፣ ጋሽ ውብሸት! ሌሊት እየተነሳሁ የሣልኩትን! ቢያንስ እስኪታተም ቢጠብቁ ምን ነበረበት?

ውብሸት፦ አትጩሂብኝ።

ሰናይት፦ እጮሃለሁ! አንጀቴ አርሯል። እኔ ያበላሸሁት ይመስል የማላውቀው ሰው ሁሉ ይወርድብኛል። እኔም እኮ አባ ብራቅን እያነበብኩ ነው ያደግኩት። ለማንም ለማንም ብዬ ሳይሆን እሱን ብዬ ነው ሥዕል የተማርኩት።

ውብሸት፦ እሱን ብለሽ ከሆነ እንግዲህ ይሄን አስረጂኝ። ይኸው፣ እዚህ ጋ። ከትከሻው የሚበረው ነጠላ። ሌላው ጀግና ካባ ነው ምናምን የሚያንጠለጥለው፣ የእኛው ነጠላ ነው የሚያደርገው፣ ለዚያ ነው የምንኮራበት። አንቺ ምን አደረግሽው? ጥለቱን አንገቱ ጋ! ጥለት ወደ ላይ የሚሆነው ልቅሶ ሲኬድ አይደለም? ይሄን ሕፃን ያውቀዋል። የሐበሻ ልጅ ሆነሽ ነጠላ ማልበስ አታውቂም?

ሰናይት፦ አውቃለሁ።

ውብሸት፦ የት ታውቂያለሽ! ኮምፒዩተሩ ገልብጦብሽ ነው። እናንተ እኮ ወረቀት ላይ አትሥሉም።

ሰናይት፦ ኮምፒዩተር አልገለበጠውም። ስለ ነጠላው ይተዉኝ በቃ።

ውብሸት፦ ምኑን ነው የምተወው? «ባህሏን የማታውቅ» ያሉሽ በዚህ ነው፣ እኔም አልፈርድባቸውም። ጀግናውን ልቅሶ ለባሽ አድርገሽ ታስበርሪያለሽ! ደግሞ ይሄ ስፌት። እጅጌውን እዪው እስቲ፣ አንደኛው ከሌላው ይረዝማል። ክሩ ውጪ ቀርቷል። አንገቱ ተንጋዷል። እትዬ ዘርፌ ይሄን ትሰፋለች?

ሰናይት፦ እሱንም ይተዉት።

ውብሸት፦ አልተወውም! ስሟን አጠፋሽ እኮ። ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ ልብሱን የምትሰፋለት እሷ ናት። አባ ብራቅ መሆኑን የምታውቀው በሰፈሩ እሷ ብቻ። ተዋግቶ ቡትቶ ሆኖ ሲመጣ እየተሳደበች ትጥፍለታለች። «አንተ፣ ዓለሙን ስታድን ለጉልበትህ ተጠንቀቅ፣ ጨርቅ ጨረስክብኝ!» ትለዋለች። እኔ እኮ ድብድቡን ዘልዬ እሷ ያለችበትን ገጽ ነበር መጀመሪያ የማነበው። እናቴ ትመስለኝ ነበር። እንደዚህ ያለ እጅጌ ከእሷ እጅ አይወጣም!

ሰናይት፦ እሷ አልሰፋችውም።

ውብሸት፦ ማን ሰፋው ታዲያ?

ሰናይት፦ ራሱ።

ውብሸት፦ ራሱ? መርፌ ይዞ የማያውቀው ሰው?

ሰናይት፦ ለዚያ ነው የተንጋደደው።

ውብሸት፦ እሷ እያለች እሱ ምን ቤት ነው መርፌ የሚይዘው?

ሰናይት፦ በቃ፣ ልሂድ።

ውብሸት፦ ሰናይት።

ሰናይት፦ አቤት።

ውብሸት፦ ጥለቱን ወደ ላይ ያደረግሽው አውቀሽ ነው?

ሰናይት፦ አውቄ ነው።

ውብሸት፦ ሞተች?

ሰናይት፦ ልነግርዎት አልነበረም የመጣሁት።

ውብሸት፦ እትዬ ዘርፌን ገደልሻት?

ሰናይት፦ እኔ አልገደልኳትም፣ ታመመች። አርጅታለች እኮ፣ ጋሽ ውብሸት። እርስዎም ጸጉርዎ ሸብቷል።

ውብሸት፦ እሱ የት ሄዶ ነው? አባ ብራቅ እያለ?

ሰናይት፦ መብረቅ ለታመመ ሳንባ ምን ያደርግለታል? አዝሏት እየበረረ ሐኪም ቤት አደረሳት። ሸራ ጫማው የተቃጠለው ያኔ ነው፤ ቦቱን ለማድረግ ጊዜ አላገኘም፣ ከዚያ ወዲህም አላደረገውም። አልተረፈችም። ቀብሯ ላይ መሬት ላይ ወድቆ ሲያለቅስ ሰፈሩ «ለጎረቤት እንዲህ ይለቀሳል? ምኗ ነው?» እያለ ይጠቋቆምበታል። ምኗ እንደሆነ መናገር አይችልም።

ውብሸት፦ አይችልም . . . አዎ። አይችልም።

ሰናይት፦ የሚወዱት ቢጫ ሹራብና ቀዩ ቁምጣም አልጠፉም። አጣጥፎ፣ ማንም ሳያየው፣ የአስከሬን ሳጥኗ ውስጥ ከራሷ ሥር አደረገላት። አዲሱን ልብስ ከእሷ ቤት በተረፈ ጨርቅ ነው የሰፋው። የተረፈው ደግሞ ቡኒ ነበር።

ውብሸት፦ ቆይ . . . አንዴ ቆይ።

ሰናይት፦ ፎጣ ላቀብልዎት?

ውብሸት፦ ጸጉር ገብቶብኝ ነው።

ሰናይት፦ ከመጣሁ ጀምሮ ማንንም አልቆረጡም እኮ።

ውብሸት፦ አንቺ ልጅ፣ ለምንድነው ያልተናገርሽው? ያ ሁሉ ሰው ሲወርድብሽ አንድ ቃል ብትይ ኖሮ!

ሰናይት፦ ታሪኩ እኮ ይኸው ነው። አስቀድሜ ብናገረው አንባቢዎቹ ምኑን ያነቡታል? እርስዎ አሁን የደነገጡትን ድንጋጤ እነሱም እንዲደነግጡ ነው የምፈልገው። እርስዎም ለማንም እንዳይተነፍሱ።

ውብሸት፦ ኧረ? ታዲያ ምን ብዬ ነው ጽሑፉን የማነሳው? «ከሞትኩ ነው እንጂ አይታተምም» ብዬ የፎከርኩ ሰውዬ፣ ያለ ምክንያት ተሳስቻለሁ ልበል? መሣቂያ ነው የሚያደርጉኝ! ይሰድቡኛል!

ሰናይት፦ ይሰድቡዎታል።

ውብሸት፦ እና አፌን ዘግቼ ልሰደብ?

ሰናይት፦ እኔስ ምን ሳደርግ የከረምኩ ይመስልዎታል?

ውብሸት፦ መነጽሬን ወዲህ በዪ። ይሄ ፊደል ደግሞ ሲያንስ።

ሰናይት፦ ልጻፍልዎት?

ውብሸት፦ ራሴ እጽፈዋለሁ። በቃ፣ የድሮውን አነሳሁት። «ተሳስቻለሁ። ልብሱ ልክ ነው። ግዙ። ምክንያቱን አትጠይቁኝ» ብያለሁ።

ሰናይት፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ውብሸት። እውነቴን ነው።

ውብሸት፦ ይኸው ጀመሩ። «ምን አቀመሱህ?» ይላል አንዱ። «ሽማግሌው ጃጀ» ይላል ሌላው። ይሄኛው ደግሞ ስለ ጭንብሉ ድምፅ ላከ። ደሞ ሌላ . . . ኧረ ጉድ ነው!

ሰናይት፦ ቢያንስ ስለ ጭንብሉ ይመልሱለት እንጂ። ዝም ብለው እንዴት ይችሉታል?

ውብሸት፦ ተይኝ፣ ልጄ። ልቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ልብስ የሚያወራ አለ እንዴ?