ጋሼ ይገዙ ጣና ላይ የሸፈኑልኝ ጥፋት

ኧረ ጋሼ ይገዙ፣ ይቀመጡ! ዛሬ በጡረታ መሸኛዎ የሚቆሙት እኛ ነን።

ጓዶች፣ እኚህ ሰው ከምጽዋ ተዛውረው አየር ጤና ጋራዣችን የገቡት በ1968 ነው። ያኔ የነበሩት እንደሚያወሩት፣ ገና ሰላም ሳይሉ ጣሪያውን አንጋጠው አዩና፣ «በጠራራ ፀሐይ መብራት ያበራው ማነው?» አሉ። ለካስ አለቃው ራሳቸው ኖረዋል! «አለቃ ናቸው» ቢሏቸው፣ «እንግዲያው እሳቸው ያጥፉት» ብለው ቁጭ!

ከዚያ ወዲህ ማን ሰላም አገኘ? ውሃ የጎደለው ባትሪ ካዩ፣ «ይሄ በሬ ቢሆን በጥም ይሞትብህ ነበር!» ነው። ወይዘሮ አበበች፣ ቤትም እንዲህ ናቸው? አይሳቁ፣ ይመስክሩ እንጂ!

አሁን ግን ለማንም ያልተነፈስኩትን ልናገር።

በ1974 ጣና ላይ ለክትባት የምትዞር አንዲት ጀልባ ባትሪ እየጨረሰች ስታስቸግር ጋሼና ገና አዲስ ተቀጣሪዋ እኔ ተላክን። ጋሼ ሁለት ባትሪ ገጠሙላት፤ አንዱ ለመብራት፣ ለሬዲዮና ለክትባቱ ፍሪጅ፣ ሁለተኛው ሞተር ለማስነሳት ብቻ። «ይህንን የነካ ከኔ ጋር ተጣላ!» አሉን።

በማግስቱ ለሙከራ አብረን ተሳፈርን። ጀልባዋ አንዲት ደሴት ዳር ሞተሯን አጥፍታ ዋለች። እኔ ደግሞ ጠዋት ታች ዕቃ ክፍሉን አብርቼ፣ መብራቶቹን ሁሉ እንደበሩ ረስቼ ወጥቻለሁ።

ከሰዓት ፍሪጁ ጸጥ አለ። ንፋሱም ተነስቶ ወደ ድንጋዩ ይገፋን ጀመር። ነርሷ ፅጌ፣ «ክትባቱ ሊበላሽብኝ ነው! ስንት ሕፃን ይጠብቀኛል!» ብላ ጮኸች። ነጂው ወልደጊዮርጊስ ራሱን ያዘ፤ «ባትሪ አልቋል፣ አበቃልን!»

ጋሼ ግን ረጋ ብለው፣ «ቁልፉን አዙረው» አሉት።

አዞረው። በአንዴ ተነሳ! ከድንጋዩ ራቅን፣ ባትሪው መሙላት ጀመረ፣ ፍሪጁም ነፍስ ዘራ። ፅጌ ጋሼን አንገታቸውን አቅፋ እልልታዋን አቀለጠችው!

ወልደጊዮርጊስ ግን ዕቃ ክፍሉን አይቶ ተመለሰና፣ «መብራቱን ማን ነው የተወው?» አለ። እኔ የሙከራ ጊዜዬን እንኳ አልጨረስኩም፤ ሪፖርት ቢጻፍብኝ ሥራዬ አበቃ። ዓይኔን ወደ ወለሉ ሰበርኩ። ጋሼ አዩኝ። ገባቸው።

«እኔ ነኝ። እርጅና ነው፣ ረሳሁት» አሉ።

ይህን ያሉት በቀን መብራት አለቃን የሚቆጡት ሰው ናቸው! በኋላ ብቻችንን ስንሆን፣ «ጥሩብርሃን፣ አይዞሽ። ነገ አጥፍተሽ ውጪ» አሉኝ። እስከ ዛሬም ለማንም አልተናገሩብኝም።

ጋሼ፣ እኔ የዛሬዋ የባትሪ ክፍል ኃላፊ በእርስዎ ዝምታ የቆምኩ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አፍሬ የያዝኩትን ሰው ሁሉ እየሰማ ልበልዎ፤ ጥፋቱ የኔ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ!

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ! ቀራንዮ ሰፈር ያለው ቤትዎ ደስታ አይጉደልበት፣ ከወይዘሮ አበበች ጋር የልጅ ልጅ ይዳሩ፣ እኛንም ሳይረሱ ይምጡና ይቆጡን።

ለጋሼ ይገዙ!