ምድጃዬን የወሰደው ፒዛ

በኛ ጊዜማ ልጆቼ፣ ዳቦ ዳቦ ነው፣ ወጥ ወጥ ነው፣ ሁለቱ የሚገናኙት አፍ ውስጥ ነው! አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። እኔ እዚሁ ቦንጋ፣ ገበያው ጀርባ፣ ዳቦ ስጋግር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ምድጃዬን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ በእንጨት የሚነድ፣ በገዛ እጄ የሠራሁት፣ ሰው አላስነካም። ታዲያ ልጄ ጽጌ አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ሠርታ ሠርታ አምና መጣችና፣ «አባዬ፣ ምድጃውን ስጠኝ፣ ፒዛ ልሥራበት» አትለኝም! «ፒዛ? ቦንጋ ላይ? ማን ሊበላልሽ?» አልኳት። «እንግዲያው እዚያው እመለሳለሁ» አለች። እና የእናቷ ዓይን እንባ ሞላ፣ የኔም ሆድ ባባ፣ ግን አባት አይደለሁ? ኮስተር ብዬ፣ «እሺ፣ እሁድ ጎረቤት ይጠራ፤ ከበሉልሽ ምድጃው ያንቺ ነው፣ ካልበሉልሽ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» አልኳት። አፌ እንዲያ አለ እንጂ ልቤስ፣ ብትሄድብኝስ ይላል።

እና እሁድ ደረሰ። ቆሜ አያታለሁ። ሊጡን ከማታ አቡክታ አሳድራዋለች፣ እሱ ደግ። ታዲያ በመዳመጫ መሰላችሁ? በጣቷ ገፋ ገፋ፣ ብድግ አድርጋ ወዲህ ወዲያ ስታገላብጠው፣ እኔ «ኧረ ወደቀ! ኧረ ወደቀ!» እላለሁ። ቲማቲሙን ጨፈለቀችና ጥሬውን ቀባችው። ጥሬውን ስላችሁ! «ምነው ልጄ፣ ሽንኩርት የለ፣ በርበሬ የለ፣ ሳይቁላላ?» «አባዬ፣ ጣሊያኖቹ እንዲህ ነው የሚሠሩት። ጥሩ ቲማቲም፣ የሚቀልጥ የፈረንጅ አይብ፣ ዘይት፣ በሶብላ፣ በቃ!» «ሥጋስ?» «ሥጋ ከገባበት ሐጂ እንዴት አብረውን ይበላሉ?» እውነቷን ነው፤ ሐጂ ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው፣ እኛ ያረድነውን አይበሉም። በሶብላውን ከእናቷ ጓሮ ቀጥፋ ጣል ጣል አደረገችበት። እና ምድጃዬ ውስጥ ስትከተው፣ እናንተዬ፣ ዳቦ ገና መሞቅ በማይጀምርበት ጊዜ እሱ ጠርዙ ተነፍቶ፣ አይቡ እየተንተከተከ ወጣ!

ታዲያ ቀረበ። ሐጂ ከድር አሉ፣ ባለሱቁ። እትዬ አማረች አሉ፣ ከአጥራችን ማዶ ያሉት። እኔም አለሁ። እትዬ አማረች ጸለዩ፣ ሁላችንም አሜን አልን። እና ማንም እጁን አይዘረጋም! ሐጂ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እትዬ አማረች ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ያስተካክላሉ። እኔ ደግሞ ወደ ጓዳ አሻግሬ አያለሁ። ጽጌ በሩ ላይ ቆማ ፊቷ አመድ መሰለ። አይቡ ረጋ፣ እንፋሎቱ ጠፋ። «አልወደዱትም» ብላ ልታለቅስ ስትል፣ ባለቤቴ ብቅ ብላ፣ «ምነው፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብትል፣ ሐጂ በዚያ በለዘበ ድምፃቸው፣ «ኧረ ምንም፣ ወጡ እስኪመጣ ነው» አይሉም! እትዬ አማረችም፣ «እኔም እሱን ነው። አትቸኩሉ ልጆቼ፣ በደንብ ይብሰል» አሉ። ለካ ሁላችንም! እኔ ራሴ፣ ሲሠራ ቆሜ ያየሁት ሰውዬ፣ ወጥ ነው የምጠብቀው! ጽጌ፣ «አባዬ! ወጡ እላዩ ላይ ነው!» ብላ ጮኸች።

እና ሳቁን ምን ልበላችሁ! ሐጂ ሆዳቸውን ይዘው፣ እትዬ አማረች እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። ጽጌ ሮጣ ሌላ ትኩስ አመጣች። ሐጂ ቆርሰው፣ «በሞቴ ጋሼ» ብለው ሲያጎርሱኝ፣ አይቡ አልበጠስ አለ! ይሳባል፣ ይሳባል፣ አንዱ ጫፍ አፌ ውስጥ፣ አንዱ ጫፍ ሐጂ እጅ ላይ። «ይጉረሱ እንጂ!» «እየጎረስኩ ነው ሐጂ፣ አያልቅም!» በመጨረሻ እትዬ አማረች በቢላ ገላገሉኝ። ታዲያ ወዲያው አለቀ፣ ሐጂም ባዶውን ትሪ እያዩ፣ «ወጡ ትንሽ አነሰ እንጂ ጥሩ ነው። ሌላ የለም?» አሉ።

ያን ቀን ምድጃዬ ሄደ። አሁን እሷ አለቃ፣ እኔ እንጨት ፈላጭ! ዛሬ ጠዋት እንኳ፣ «አባዬ አረፈድክ፣ እሳቱ ደክሟል!» ብላ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠችው። ባለቤቴ፣ «አባት እንዲህ ይባላል?» ስትላት፣ «ተያት» አልኳት። የስንቱ ሰው ልጅ በስልክ ብቻ ነው የሚሰማው፣ እኔ ግን ፊት ለፊት ቆማ የምትጮኽብኝ ልጅ አለችኝ፣ ሃሃሃ! ትጩህብኝ!